ቀይ ስም የሌለበት ብራና

ጥር 1970 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ጧት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ልደታ አካባቢ ወዳለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ገብታ ከመቶ አለቃ ኦልጅራ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«አጎቴ ተገድለዋል። መዝገብ ይከፈትላቸው» አለች።

ኦልጅራ ቀና ብሎ አያት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንጀል መርምሯል። ካለፈው ግንቦት ወዲህ ግን አንድም የግድያ መዝገብ አልከፈተም። ሬሳ ጠፍቶ አይደለም፤ ከቤቱ እስከ ጣቢያው ሲመጣ ደረታቸው ላይ ጽሑፍ የተለጠፈባቸውን እያለፈ ነው የሚመጣው። የጠፋው ጠያቂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምሳ አልበላ ይለው ነበር፤ አሁን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ይህ ሊያሳፍረው እንደሚገባ ያውቃል፣ ግን አያሳፍረውም።

«ስማቸው ማን ይባላል?»

«መሪጌታ ገብረየሱስ። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ቁም ጸሐፊው። ብራና ላይ የሚጽፉት።»

«አንቺስ?»

«ጠጅቱ። የወንድማቸው ልጅ ነኝ፤ ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ቀበሌው በድሉን ይዞታል። እጮኛዬ ነው። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል ብለዋል። እሱ አይደለም፣ መቶ አለቃ። ማርያምን እሱ አይደለም!»

አስር ሰዓት የሚመጣው መኪና ወዴት እንደሚሄድ ኦልጅራ ያውቃል። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ግን አያውቅም። ልጅቷ ስታለቅስ እርሱ የሚያስበው እርሳሱ መቀረጽ እንዳለበት ነበር። ቀረጸው፤ አዲስ መዝገብ አወጣ፤ የሟቹን ስም ጻፈ። ምናልባት በስምንት ወር ውስጥ መዝገብ ይከፈት ብሎ የጠየቀው ሰው እርሷ ብቻ ስለሆነች ይሆናል።

መሪጌታ የሚኖሩት ከጭቃ በተሠራች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። በሩ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሚደቅሳ ከሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጋር ቆሟል። ወፍራም፣ ቸኳይ ሰው ነው፤ ሲያወራ ሰዓቱን ያያል።

«በከንቱ ደከምክ፣ ጓድ መቶ አለቃ። ነገሩ አልቋል። ልጁ አናርኪስት ነው። ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ በር ላይ ጥበቃችን አይቶታል።»

«ሲሄድስ?»

«ወዲያው ነው የሄደው።»

«ወዲያው ማለት?»

«ጥበቃው የለኮሳትን ሲጋራ ሳይጨርስ። ሰው ለመግደል ስንት ሰዓት ይፈጃል ታዲያ?»

«እስከ አስር ሰዓት ልመርምር። ለደንቡ ያህል እዚህ ላይ ፈርምልኝ።»

ሊቀመንበሩ ሳያነብ ፈረመ። ወረቀቱ «የመሪጌታ ገብረየሱስን ገዳይ ለፖሊስ አስረክባለሁ» ይላል፤ የገዳዩ ስም ቦታ አልተሞላም።

«አንድ ነገር» አለ ሚደቅሳ ብዕሩን እየመለሰ። «ሽማግሌው የትውልድ መጽሐፍ የሚሉት ነበራቸው። የሰፈሩ ባላባት ሁሉ ከነልጅ ልጁ የተጻፈበት ነው። ዛሬ ሊያስረክቡኝ ቀጠሮ ነበረን። ቤቱን ገለባበጥነው፣ የለም። ካገኘኸው የኔ ነው።»

ኦልጅራ ጎንበስ ብሎ ገባ። መሪጌታ ዝቅተኛ መደብ ላይ እንደተቀመጡ ፊት ለፊታቸው ባለችው አጭር ጠረጴዛ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸው ላይ ተመትተዋል፤ የቀለም መፍጫው ድንጋይ ከጎናቸው ወድቋል። ቀኝ እጃቸው አንድ የብራና ገጽ ላይ አርፏል። ጽሑፉ ያማረ ጥቁር ነው። ኦልጅራ ወለጋ ውስጥ በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው ያደገው፤ ግዕዝ ባይችልም የስሞቹን ሰልፍ አወቀው። አብርሃም ይስሐቅን ወለደ፣ ይስሐቅ ያዕቆብን ወለደ። ልጅ ሆኖ ማቴዎስን ሲያነብ ሁልጊዜ የሚዘላት ምዕራፍ ናት። ገጹ እስከ ታች ተጽፎ አልቋል፤ ከመጀመሪያው መስመርና ከመጨረሻዎቹ ላይ ብቻ የአንድ የአንድ ቃል ቦታ ባዶ ተትቷል።

የሟቹ ጠቋሚ ጣት ቀልቷል። ኦልጅራ ደም መስሎት መሐረቡን በምራቁ አርሶ አሸው። ደም አይደለም፣ ቀይ ቀለም ነው። ቀጥሎ ገጹን በጥንቃቄ ከእጃቸው ሥር ሳበው። ከሥሩ እንጨቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ደም ደርቋል። ብራናውን ገለበጠው። ጀርባው ንጹሕ ነው።

ብዙ ቆየ እንደዚያ ይዞት። ከዚያ ገጹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ቀጠለ።

መጀመሪያ ያነጋገረው ፈቃደን ነበር፤ የመሪጌታን ደቀ መዝሙር። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ከሲታ፣ ዳዊቱን በቆዳ ማኅደር ከትከሻው ያንጠለጠለ ሰው ነው።

«ከርሳቸው ጋር ስንት ዓመት ሠሩ?»

«አሥራ አራት።»

«ትናንትስ መቼ ተለያችሁ?»

«አስር ሰዓት ተኩል ላይ። ገና ኢዮራም ላይ ነበሩ። መሪጌታ በቀን አንድ ገጽ ነው የሚጽፉት፤ ጧት ይጀምራሉ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ይጨርሳሉ። ይህን የደብሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።» ኦልጅራ ከጨርቁ ፈትቶ የዘረጋለትን ገጽ በአገጩ አመለከተ። «ገጹ ደግሞ እንዳዩት አልቋል።»

«ስለዚህ ጀምበር እስክትጠልቅ በሕይወት ነበሩ።»

«እንደዚያ ነው የሚመስለው።»

«እነዚህ ባዶ ቦታዎችስ ምንድን ናቸው?»

«የእመቤታችንና የጌታችን ስም ይገባባቸዋል። በቀይ ቀለም ነው የሚጻፈው። ጸሐፊ ጥቁሩን ይጨርስና ቀዩን በመጨረሻ ይሞላል። የሙያው ወግ ነው፤ ማንንም ይጠይቁ።»

መልሱ ሁሉ ቀና ነበር። ኦልጅራ ያስተዋለው ሰውየው ሲናገር ሁለት እጁን ከማኅደሩ ላይ አለማንሣቱን ነው።

ከመሪጌታ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው የጋሽ ከሊፋ ሱቅ ነው። ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ይሸጣል። ኦልጅራ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገው።

«ጋሽ ከሊፋ፣ ትናንት ጧት ከመሪጌታ ቤት አንድ ጥቅል ይዘው ሲወጡ ታይተዋል።»

«ማን ነው ያየኝ?»

«ጥበቃው። ለሊቀመንበሩ ግን አልነገረም። የእርስዎን ስኳር የሚወድ ይመስለኛል።»

ሽማግሌው ፈገግ ሊል ቃጣና ተወው። «ልትይዘኝ ነው?»

«በድሉን ከመኪናው ላስቀር ነው። መጽሐፉ የት እንዳለ አልጠይቅዎትም። መቼ እንደወጣ ብቻ ይንገሩኝ።»

ከሊፋ ወደ በሩ አየ። «አራት ሰዓት ላይ ሰጡኝ። አምስት ሰዓት ላይ በእህል መኪና ከተማውን ለቋል። ጧት ሚደቅሳ ሲመጣ የለም እለዋለሁ፣ ያስረኝ፣ ሰባ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ አሉኝ።»

«ማን ያውቃል ይህን?»

«አላህ፣ እርሳቸውና እኔ። ለልጅቷም ለፈቃደም አልነግርም አሉ። የማያውቅ ሰው ቢገረፍም የሚያወጣው የለውም፣ አሉ።» ሽማግሌው የሳሙናውን ካርቶን ያለ ምክንያት ወዲያ ወዲህ አደረገው። «ምን ዓይነት ዘመን ነው ይሄ? ድሮ ሰው ከንጉሥ ዘር አድርገው ይጻፉኝ እያለ ደጅ ይጠናቸው ነበር። አሁን ደግሞ ያውጡኝ ይላል። ሁለቱንም እምቢ አሉ። ማቴዎስ ጋለሞታይቱን ረዓብን አልደበቀም፣ ትዕማርን አልደበቀም፣ ባዕዲቱን ሩትን አልደበቀም፤ ጌታ ያላፈረባቸውን ዘመዶች እኔ ምን ቤት ነኝ የምፍቀው ይሉ ነበር።»

«ብዙ ያውቃሉ እርስዎ።»

«ሃያ ዓመት በግድግዳ ሲያስተምሩ ሰማሁ እኮ። ስም ጸሎት ነው ይላሉ፤ ኖኅ ብለህ ስትጠራ ዕረፍት እየለመንክ ነው፣ ይሁዳ ስትል እያመሰገንክ ነው። ስሙን የፋቅኩት ሰው በማን ስም ይጸለይለታል? ይላሉ። እኔንም ከአዳም እስከ አብርሃም ያለው ወረቀት የጋራችን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ተካፍለናል እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።» የጋራውን ግድግዳ በመዳፉ ነካ። «ሰኞ ዕለት አንድ ሰው እዚያ ውስጥ ሲያለቅስ ሰማሁ። ስለ ልጆቼ ብለው ይፋቁልኝ ይላል።»

«ማን ነበር?»

«ሲያለቅስ የሰው ድምፅ አንድ ነው፣ ልጄ።»

ጠጅቱ ጓዳ ውስጥ ነበረች። የቀለም ቀንዶቹን ደርድራ፣ ምን እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ተቀምጣለች። ኦልጅራ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«በድሉ ትናንት ማታ ለምን መጣ?»

«የዘር ቆጠራውን ሊሰማ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር አጎቴ አያጋቡም። ሰኞ ቆጥረው ጨርሰው ስምንት ቤት ትራራቃላችሁ፣ ንጹሕ ነው ብለውኝ ነበር። እሱ ከአፋቸው ሊሰማው ፈልጎ ነው የመጣው። ቢያንኳኳ የሚከፍት አጣ።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ከምሳ በኋላ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሄድኩ። መሽቶ ሰዓት እላፊ ደረሰ፣ አክስቴ ዘንድ አደርኩ። ጧት ነው ያገኘኋቸው።»

«ቀዩን ቀለም ማን ነው የሚያዘጋጀው?»

«እኔ። ጧት ከሁሉ በፊት።»

«ከሁሉ በፊት? በመጨረሻ ነው የሚጻፈው ተብዬ ነበር።»

«ሌሎቹ ናቸዋ በመጨረሻ የሚጽፉት። አጎቴ መጀመሪያ ነው። እህል ሳይቀምሱ፣ ባዶው ብራና ላይ፣ የእርሷንና የልጇን ስም በየቦታው ያስቀምጣሉ። እነዚህ አባቶች ሁሉ የሚጓዙት ወደዚህ ነው፤ የሚሄዱበትን ሳያዩ አይነሡም ይላሉ።» መሞታቸውን ረስታ እንደ ሕያው ታወራ ነበር። «ጥቁሩን የሚጀምሩት ቀዩ ሲደርቅ ነው።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም። ምሳ ሳቀርብ ዳዊት ላይ ደርሰው ነበር፤ ቀዩ ከላይም ከታችም አለ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ዛሬ ጧት ገጹን አየሽው?»

«ፊታቸውን ነው ያየሁት።»

ኦልጅራ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በሩን አመለከታት፤ ውጭ የጥበቃ ጥላ ያልፋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፈቃደ ልጆች አሉት?» አላት።

«ሦስት። ታላቅ ወንድሙን በኅዳር ወሰዱት። አያታቸው ባላባት ስለ...»

«በቃ። አያቱን ለማንም አታንሺ፤ ለኔም ቢሆን።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በፊተኛው ክፍል ተሰበሰቡ። አስከሬኑ በጋቢ ተሸፍኖ መደቡ ላይ ተጋድሟል። ሊቀመንበሩ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከሊፋ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ፤ ፈቃደ ግድግዳውን ተደገፈ። በድሉን እጁን የፊጥኝ አስረው አመጡት፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። ጠጅቱ ሄዳ ከአጠገቡ ቆመች። ኦልጅራም አየው፣ መዝገቡን ገለጠ። አንድ ሰዓት ቀርቷል።

«ነገሩ ሁሉ በዚህ ገጽ ላይ ነው የቆመው» አለ ብራናውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ። «ገጹ አልቋልና መሪጌታ እስኪመሽ በሕይወት ነበሩ፣ እስኪመሽ በሕይወት ከነበሩ የገደላቸው ማታ የመጣው ነው፤ በድሉ የታሰረው በዚህ ሂሳብ ነው። ደሙን እዩት። እንጨቱ ላይ ደርቋል። ገጹ ደሙ ላይ ነው የተገኘው፣ ጀርባው ግን ንጹሕ ነው።»

«እና?» አለ ሚደቅሳ።

«ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው እዚያ የተቀመጠው። የሞተ ሰው ደግሞ ገጽ አይለውጥም።»

«ልጁ ለውጦት ይሆናላ» አለ ሊቀመንበሩ።

«በአንዲት ሲጋራ ዕድሜ? ይህን የጻፈው ሰው እጁ ቢፈጥን እንኳ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጧል። የመሪጌታን እጅ ጽሕፈት አስመስሎ የሚጽፍ ደግሞ የተማረ ሰው ነው። ጠጅቱ፣ የትናንቱ ገጽ ይህ ነው?»

ጠጅቱ ቀረብ ብላ አየች። ፊቷ ተለወጠ። «አይደለም። ቀዩ የለም። የትናንቱ ላይ ቀዩ ነበረ።»

«ጣታቸው ላይም ቀይ ቀለም አለ» አለ ኦልጅራ። «ጧት ጽፈውታል። ምሳ ሰዓት ዳዊት ላይ ነበሩ። ቀጥለው እየጻፉ ሳለ ከኋላቸው ተመቱ፣ ገጹ ደም ነካው። ገዳዩ እንዳለ ቢተወው ገና ከሰዓት በኋላ እንደሞቱ ይታወቃል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ከርሳቸው ጋር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ብራና አውጥቶ ገጹን ከአብርሃም እስከ መጨረሻው ራሱ ጻፈው። ቀዩን ግን አልሞላም። መሪጌታ ቀዩን አስቀድመው እንደሚጽፉ ያውቃል፣ አሥራ አራት ዓመት አይቷል። ታዲያ ለምን ተወው?»

ኦልጅራ ቀዩን ቀለምና የሸምበቆውን ብርዕ ከጓዳ አምጥቶ ገጹ አጠገብ አኖረ።

«አቶ ፈቃደ፣ የመምህርዎ የመጨረሻ ገጽ ጎዶሎ እንዳይቀር። የእመቤታችንን ስም ይሙሉልኝ።»

ፈቃደ ተጠጋ። ብርዑን አነሣ፣ ቀለሙ ውስጥ ነከረው። እጁ ባዶው ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። አንዲት የቀለም ጠብታ እንዳትወድቅበት ፈጥኖ በግራ መዳፉ ተቀበላት፤ ከዚያ ብርዑን መልሶ አስቀመጠው።

«አልችልም» አለ።

«ትናንትም አልቻሉም» አለ ኦልጅራ። «ሰው በገደለ እጅ ስሟን መጻፍ አልደፈሩም። የመጀመሪያውንም ገጽ ማቃጠል አልደፈሩም፤ ስሟ አለበት። ሜዳ ላይም አይጣልም፣ ጉድጓድም አይገባም። የት እንዳለ ልንገርዎ ወይስ ራስዎ ያወጡታል?»

ፈቃደ ማኅደሩን ከትከሻው አወረደ። ከዳዊቱ ሥር እጥፍጥፍ ያለ ብራና አውጥቶ ዘረጋው። ከላይና ከታች ስሞቹ በቀይ ቦግ ብለው ተጽፈዋል፤ ጥቁሩ ኢዮራም ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በታች ደም ደርቆበታል። ጠጅቱ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ለምን?» አለ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሥቶ። «ምን አድርገውህ ነው? መጽሐፉ ላይ ምን አለህ?»

ኦልጅራ ፈቃደን ትክ ብሎ አየው። «የሙያ ጠብ ነው» አለ ቶሎ። «አይደለም እንዴ፣ አቶ ፈቃደ?»

ፈቃደ ለአፍታ አልገባውም። ከዚያ ገባው፤ ዓይኑ ላይ ታየ።

«አዎ» አለ። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አብሬ ስጽፍ በአንድም መጽሐፍ መጨረሻ ስሜን አላስገቡኝም። ስሜ እንዲጻፍልኝ ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉኝ። መታኋቸው።»

«ለስም?» ሚደቅሳ ምራቁን ሊተፋ ቃጣው። «ይህ ሕዝብ መቼ ነው የሚነቃው?» ሰዓቱን አየ። «በሉ፣ ይህንኛውን በዚያኛው ቦታ እንጭነዋለን። ዝርዝሬ እንዳይጎድል።»

«የኔ ነው» አለ ኦልጅራ። የተፈረመውን ወረቀት አሳየው። «ገዳዩን አስረክባለሁ ብለህ ፈርመሃል፤ ስሙን አሁን ሞላሁት። ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ፍርድ ቤት!» ሊቀመንበሩ ከልቡ ሳቀ። ፊርማውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከበላዮቹ ጋር በወረቀት መነታረኩን አልወደደውም መሰል፤ እጁን አወናጨፈና ወጣ። የበድሉን ገመድ የፈታው ከሊፋ ነበር፤ በሳሙና መቁረጫ ቢላዋው።

ኦልጅራ ፈቃደን ይዞ በእግሩ ወደ ጣቢያው አቀና። ሰው በዳር በዳር ያልፋል፤ የታሰረ ሰው ሲያይ ዓይኑን መሬት ላይ መጣል ሁሉም ለምዷል። ብዙ ከሄዱ በኋላ ፈቃደ ተናገረ።

«መጽሐፉን ፈልጌ አጣሁት። ሚደቅሳ እጅ ገብቷል ብዬ ነበር።»

«አልገባም። አይገባምም፤ ሩቅ ነው።»

«ልጆቼስ?»

«በኔ መዝገብ ላይ የገበሬ ዘር ናቸው።»

ፈቃደ ቀና አለ። «ተመስገን» አለ፣ ደጋግሞ አለው። ጥቂት እርምጃ ሄደና ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ማን ነው ያወጣው?»

«ራሳቸው።»

«መቼ?»

ኦልጅራ ዛሬ አንድ ጊዜ ዋሽቷል፤ ሁለተኛ ቢዋሽ የሚጠይቀው የለም። ሰውየውን አየው። ሊያዝንለት ሞከረ፣ ሐዘኑ አልመጣለትም። የመጣለት መልሱ ብቻ ነበር።

«ማክሰኞ። ከረፋዱ አራት ሰዓት።»

ፈቃደ በታሰሩት እጆቹ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ቆጠረ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ስምንት ላይ፣ ድንጋዩን ባነሣበት ሰዓት፣ ቆመ።

«እና ለምን አልነገሩኝም?»

«ቢገርፉዎት የሚያወጡት እንዳይኖርዎት።»

ፈቃደ መንገዱ መሀል ተቀመጠ። አላለቀሰም። ኦልጅራም ይነሡ አላለውም፤ አጠገቡ ቆሞ ጠበቀ። አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ መጣችና ሳታያቸው በግራ በኩል ዞራ አለፈች።

«ስምህን አልፍቅም አሉኝ» አለ ፈቃደ በመጨረሻ። «እኔ ግን አሳልፌ እሰጥሃለሁ ያሉኝ መስሎኝ ነው።»